ጣቴን የቆረጥኩበት ሌሊት

ይህን የምጽፈው ባለቤቴ ፈቅዳልኝ ነው። መጀመሪያ ያነበበችውም እሷ ናት። ሁለት ቦታ ላይ «ይህን አውጣው» ብላኝ አውጥቻለሁ። ሌላው እንዲቆይ ተስማማን። ጥር በመጣ ቁጥር ጎጃም ውስጥ ስንት ዳስ እንደሚጣል እናውቃለን። ከዳሱ ጀርባ፣ በዚያ ሌሊት፣ እኛ የገባንበት ጉድጓድ ውስጥ የሚገቡ ጥንዶች ዛሬም አሉ።

የተጋባነው በጥር 2006 ዓ.ም. ነው። እኔ 28፣ እሷ 24 ዓመታችን ነበር። እኔ ከደጀን ወጣ ብሎ ያለ ገጠር ተወልጄ፣ ባሕር ዳር ተምሬ፣ ደብረ ማርቆስ ሥራ የያዝኩ ሰው ነኝ። እሷ የሉማሜ ልጅ ናት፤ መምህርት። ዓመት ከመንፈቅ ያህል ተዋውቀን፣ ተዋደን፣ ከዚያ ሽማግሌ ልኬ ነው ያገባኋት። ቤተሰብ አጭቶ የዳረን ሰዎች ስላልሆንን ደስ ይለን ነበር። ከእናቶቻችን ዘመን የወጣን ይመስለን ነበር።

በዚያ ዓመት ከመንፈቅ ውስጥ ያላወራነው ነገር አልነበረም። ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ደመወዝ፣ ስንት ልጅ እንደምንወልድ፣ ሁሉንም አውርተናል። አብረን ሄደን የኤችአይቪ ምርመራ አድርገናል። ስለ መጀመሪያዋ ሌሊት ግን አንድ ቃል አልተነፈስንም። ሚዜዎች ጠዋት የድንግልና ምልክት ብለው ለሙሽሪት ወላጆች ይዘውት ስለሚሄዱት ደም የነካው ጨርቅ አፋችንን አልከፈትንም። እኔ ማንሣቱ ነውር መሰለኝ። እሷ ደግሞ እንደኔ የተማረ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ይጠብቃል ብላ አልገመተችም። መጀመሪያ የተሳሳትነው እዚህ ላይ ነው።

ሌላም ያልተወራ ነገር ነበር። ባሕር ዳር ስማር ለሁለት ዓመት ጓደኛ ነበረችኝ። እናቴ በተክሊል እንድንጋባ ስትለምነኝ «ገና ልጆች ነን፣ ቀስ ብለን እንቆርባለን» ብዬ ሠርጉን በሰማንያ ያስደረግሁት እኔ ነኝ። ተክሊል የደናግል እንደሆነ አውቃለሁ። ለኔ እንደማይገባኝ አውቃለሁ። ግን ማንም ለምን ብሎ አልጠየቀኝም። አባቴም፣ ሚዜዎቼም፣ እሷም አልጠየቁኝም። ወንድ አይጠየቅም። እኔም ሳልጠየቅ ማለፌ ምንም አልመሰለኝም ነበር።

ሌሊቱን ብዙ አልተርከውም። ደክሞን ነበር። ቀኑን ሙሉ ቆመን ውለናል። እኔ አረቄ ቀማምሻለሁ። ሚዜዎቼ የጫጉላውን ቤት ደጃፍ ይዘው ይጨፍራሉ፤ መሃል መሃል ላይ በሩን ይመቱታል። እሷ ትንቀጠቀጥ ነበር። ደም አልነበረም። የእጅ ባትሪ አብርቼ አንሶላውን ፈተሽኩ። ስፈትሽ አየችኝ። ከዚያ ሌሊት ሁሉ ነገር፣ ከኋላ ከመጣው ክፉ ቃል ሁሉ፣ ያቺን ባትሪ ነው መርሳት ያቃታት።

ስወጣ አንደኛው ሚዜዬ ፊቴን አይቶ ገባው። ወደ አጥሩ ጥግ ወሰደኝ። «ስማኝ ወንድሜ» አለ፤ «ነገ ባዶ እጃችንን ከሄድን አባቷ ሰው ፊት አይቆሙም። የሷንም ሕይወት ታበላሻለህ፣ ያንተንም።» ከኪሱ ምላጭ አወጣ። ክፉ ሰው አልነበረም። እንደሱ ያደረጉ ሌሎች ሙሽሮችንም ያውቃል። የግራ እጄን ጣት ቆረጥኩ፤ ነጩ መሐረብ ላይ ጠብ ጠብ አደረግሁት። ጠዋት ሚዜዎቼ ሆ እያሉ ይዘውት ወደ ሉማሜ ሄዱ። ብር አምባር ተሰበረ ተባለ። እናቷ እልል አሉ። በግ ታረደ።

ይህን የነገርኩት ሰው አብዛኛው «ደግ አደረግህ፣ አዳንካት» ይለኛል። እኔም ያኔ እንደዚያ ነበር የሚሰማኝ። እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። እኔ በልቤ ከሰስኳት። በልቤ ፈረድኩባት። ከዚያ ጣቴን ቆርጬ ይቅር አልኳት። ይህ ሁሉ ሲሆን እሷን አንድ ነገር አልጠየቅኋትም። ከዚያ ጠዋት ጀምሮ በቤታችን ውስጥ እኔ አበዳሪ፣ እሷ ባለዕዳ ሆነን መኖር ጀመርን። የሰፈሩን ስም ያዳነው ጨርቅ ቤታችንን ከውስጥ በላው።

እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ። አልሰደብኳትም፣ አልመታኋትም። ወጥ ጨው ቢበዛበት ዝም ብዬ እነሣለሁ። ስልኳ ሲጠራ ቀና ብዬ አያለሁ። ከትምህርት ቤት ግማሽ ሰዓት ካረፈደች ሰዓቴን አያለሁ። አንድ ቀን ማታ «ማን ነበር?» አልኳት። «ማንም አልነበረም» አለችኝ። «እውነቱን ብትነግሪኝ እኮ ይቅር እልሻለሁ» አልኳት። ይህን ያልኩት ደግ የሆንኩ መስሎኝ ነው። ከዚያ በኋላ ያቺን ጥያቄ በየሳምንቱ ሳልጠይቅ የቀረሁበት ጊዜ የለም። እሷ እየከሳች ሄደች። ጎረቤት «አረገዘች መሰል» ይለን ነበር።

ባለትዳር የሆናችሁ ወንዶች፣ ይህን ጥያቄ ጀምራችሁ ከሆነ ዛሬውኑ አቁሙ። መልስ የሌለው ጥያቄ ነው። «ማንም» ብትል አታምኗትም፤ ስም ብትጠራ ደግሞ ስሙ ቤታችሁ ውስጥ ሊኖር ነው።

ግንቦት ላይ የባሰውን አደረግሁ። «ምርመራ አለ አሉ፣ እንሂድና እንገላገል» አልኳት። እንቢ አላለችም። ያኔ እሺ ማለቷ ራሱ ሊገባኝ ይገባ ነበር። ከሰፈራችን ራቅ ወዳለ ጤና ጣቢያ ይዣት ሄድኩ። እዚያ ያገኘናት አዋላጅ ነርስ ዕድሜዋ ገፋ ያለ ሴት ናት። ጉዳዩን ስነግራት መነጽሯን አወለቀች። «እንዲህ የሚባል ምርመራ የለም» አለች። «እዚህም የለም፣ ሌላ ቦታም የለም። ታይቶ የሚታወቅ ነገር አይደለም። አየሁ የሚልህ ካለ ዋሽቶሃል።» ከዚያ እኔን አስወጥታ ባለቤቴን ብቻዋን አነጋገረቻት። ደጅ ቁጭ ብዬ «ሴት ለሴት ተደጋግፈው ነው» አልኩ። አላመንኳትም።

ፍልሰታ ሲገባ ባለቤቴ «ከእናቴ ጋ ልጹም» ብላ ሉማሜ ሄደች። ጾሙ ተፈታ፤ አልመጣችም። አዲስ ዓመት አለፈ፤ አልመጣችም።

እናቴ መስከረም ላይ ደብረ ማርቆስ መጣች። ማን እንደነገራት አላውቅም። እንደገባች ቤቱን ዞር ዞር ብላ አየችና «ምን አድርገሃት ነው?» አለችኝ። ለእናት አይዋሽም፤ ሁሉንም ነገርኳት። ጣቴን ጭምር አሳየኋት። ቡናውን ማፍላቷን አላቋረጠችም። ሁለተኛውን ቀድታ ስትጨርስ «ያልነገርኳችሁ እህት አለችኝ» አለች።

በ28 ዓመቴ አክስት እንዳለኝ ሰማሁ። በ1964 ዓ.ም. ነው አለች። አባታቸው ታመው እሷ ስታስታምም ጊዜው ሄዶ 20 ዓመት ሞላት። በዚያ ዘመን፣ በዚያ አገር፣ 20 የሞላት ሴት ቆማ ቀረች ነው የምትባለው። ሰው ገና ሳትዳር ጠርጥሯታል። በስንት ልመና ተዳረች፤ በማግስቱ መለሷት። «አባታችን በር ዘጋባት» አለች እናቴ። «ማታ በጓሮ በኩል እንጀራ ሰጠኋት። ነጠላዋ ውስጥ ቋጥራ ሄደች። ከዚያ ወዲህ አይቻት አላውቅም።» ትንሽ ቆይታ «እኔን በዓመቱ ዳሩኝ። 12 ዓመቴ ነበር። ሴት ልጅ ቤት ከቆየች እንደ እህቷ ታዋርደናለች አሉ» አለችኝ።

እናቴ በልጅነቷ መዳሯን አውቅ ነበር። ድህነት ነው፣ ባህል ነው፣ ዘመኑ ነው እል ነበር። ከዚያች ጨርቅ ጋር የተያያዘ መሆኑን ግን አስቤው አላውቅም። በጊዜው የነበረው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ እንኳ ለሴት ልጅ ጋብቻ 15 ዓመት ይጠይቅ ነበር። ማን ሰማው? የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ በ1992፣ የክልላችን ደግሞ በ1995 ዓ.ም. ለሁለቱም 18 ዓመት አድርጎታል። ሕጉ ጥሩ ነው። ግን አባት ልጁን ቶሎ የሚያስወጣት «ሳትበላሽ» ብሎ ፈርቶ ከሆነ፣ ፍርሃቱ ሳይነካ ሕግ ብቻውን በር ላይ ይቀራል። የኛን የተማርነውን ቤት ያፈረሰውም ያው ፍርሃት ነው።

በማግስቱ ወደዚያች አዋላጅ ነርስ ብቻዬን ተመለስኩ። አወቀችኝ። «አሁን ለማወቅ ነው የመጣሁት፣ ያስረዱኝ» አልኳት። ምሳዋን ትታ አስረዳችኝ። በኋላ ከሌሎች የጤና ባለሙያዎችም ያንኑ ሰምቻለሁ።

ድንግልና ብለን የምንጠራው በር ላይ የተገጠመ ክዳን አይደለም። ስስ ሽፋን ነው፤ ከተፈጥሮውም ክፍት ቦታ አለው። «ባይኖረው የወር አበባ በየት ይወጣ ነበር?» አለችኝ። እኔ በዚህ ዕድሜዬ አንድ ቀን አስቤው አላውቅም። ከሴት ሴት ይለያያል። የአንዷ ስስ ነው፣ የሌላዋ ይለጠጣል፣ ከመጀመሪያውም እምብዛም የሌላት አለች። ብዙ ሴቶች በመጀመሪያው ቀን አይደሙም። የሚደሙትም ብዙ ጊዜ የሚደሙት ከፍርሃት፣ ከችኮላና ከድርቀት የተነሣ ስለሚጎዱ ነው። «አንተ ባትሪ ይዘህ የፈለግኸው ቁስል ነው» አለችኝ። ባለቤቴ ስለ ባትሪው ነግራት ነበር ማለት ነው።

ይህ የአንዲት ነርስ አስተያየት ብቻ የሚመስለው ሰው ካለ፣ በጥቅምት 2011 ዓ.ም. የዓለም ጤና ድርጅት ከተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብት ጽሕፈት ቤትና ከሴቶች ድርጅቱ ጋር ሆኖ የድንግልና ምርመራ የሚባለው ነገር ምንም የሕክምና መሠረት እንደሌለው፣ በየትም አገር መቅረት እንዳለበት አሳውቋል። ስለዚህ ገንዘብ ተቀብሎ «አረጋግጣለሁ» የሚላችሁ ሰው ቢገጥማችሁ ኪሳችሁን ዝጉ።

ቅዳሜውን ሉማሜ ሄድኩ። እናትና አባቷ ፊት ምንም ሳልናገር በጓሮ በኩል አገኘኋት። የሰማሁትን ሁሉ ነገርኳት። «አመንኩሽ» አልኳት። ደስ የሚላት መስሎኝ ነበር።

ዝም ብላ ቆየችና «አመንከኝ፣ እሺ» አለች። «ባይሆንስ ኖሮ? ካንተ በፊት የምወደው ሰው ቢኖረኝ ኖሮ ያ ሁሉ ይገባኝ ነበር?»

አልመለስኩም። የምመልሰው አልነበረኝም። ስምንት ወር ሙሉ የከሰስኳት በሌላት ነገር ነው፤ ያ ነገር ያለው እኔ ጋ ነው። እዚያው ቆሜ ስለ ባሕር ዳሯ ልጅ ነገርኳት። አለቀሰች። በልጅቷ ቀንታ አልነበረም። «ይህን እያወቅህ ነው ያን ሁሉ ጊዜ እንደዚያ ያየኸኝ?» ነው ያለችኝ።

የምትመለሰው በአንድ ነገር ነው አለች። እናትና አባቷ እውነቱን ከኔ አፍ ይስሙ። በስተኋላ ሲገባኝ ይህ ከምንም በላይ ከብዷት ነበር። ያቺ ጨርቅ እነሱን አስደስታለች፤ እሷ ግን በዚያ ደስታ ውስጥ ብቻዋን ውሸት ተሸክማ ኖራለች።

ሁለት ሽማግሌ ይዤ በሳምንቱ ሄድኩ። አባቷ ፊት ቆሜ «በመሐረቡ ላይ የነበረው የኔ ደም ነው» አልኩ። ጣቴን አሳየሁ። ልጃቸው ምንም ያጠፋችው ነገር እንደሌለ፣ ጥፋቱ የኔ እንደሆነ ተናገርኩ። ነርሷ ያለችኝንም እንደምንም ብዬ አስረዳሁ፤ እንዲህ ያለ ነገር በሽማግሌ ፊት መናገር እንዴት እንደሚከብድ የጎጃም ልጅ ያውቀዋል። አባቷ መሬት መሬቱን እያዩ ነበር። እናቷ ተነሥተው ወደ ጓዳ ገቡ። ከሳጥን ውስጥ መሐረቡን ይዘው ወጡ። አስቀምጠውት ኖሯል። ምንም ሳይናገሩ ምድጃው ውስጥ ጨመሩት። ከዚያ ልጃቸውን ጭንቅላቷን ይዘው ሳሟት። አባቷ እስኪያናግሩኝ ድረስ ግን አንድ ዓመት ፈጅቷል። እውነት እንድናገር መደረጉን አልቆጭበትም፤ ብትናገሩ ወዲያው ሁሉ ይስተካከላል ብዬም አልዋሻችሁም።

የንስሐ አባቴም ጋ ሄጃለሁ። እኔ የጠበቅሁት ስለ ሚስቴ እንዲናገሩ ነበር። እሳቸው የጠየቁኝ ስለ ራሴ ነው። «ንጽሕና ለሴት ብቻ የታዘዘ መስሎህ ነበር?» አሉኝ። ሃይማኖቴን ትቼ አይደለም ይህን የምጽፈው። ከጋብቻ በፊት ራሱን ለመጠበቅ ቃል የገባ ወንድም ሴትም አከብራለሁ። ግን ያ ቃል በአምላክና በሰውየው መካከል ያለ ነው፤ በጨርቅ የሚለካ ነገር አይደለም።

አሁን ለመጋባት የምታስቡትን ልናገር። ይህን ወሬ ከሠርጉ በፊት አውሩት። ለማውራት የሚያሳፍራችሁ ከሆነ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ከባለሙያ ጋር ሆናችሁ አውሩት። ኤችአይቪ ለመመርመር እንደምትሄዱት ማለት ነው፤ እዚያው እያላችሁ ይህንንም ጠይቁ። ወንዱ የሷን ታሪክ ሊያውቅ ከፈለገ መጀመሪያ የራሱን ይናገር። መናገር የማትፈልጉ ከሆነም ሁለታችሁም ላለመጠየቅ ተስማሙ፤ ያም ይሆናል። አንዱ ብቻ ተጠያቂ ሲሆን ነው ቤት የሚፈርሰው።

ሚዜዎቻችሁን ደግሞ አስቀድማችሁ አናግሩ። የጫጉላ ቤት ደጃፍ ላይ ማንም እንዳይቆም፣ ጨርቅ የሚጠብቅ እንዳይኖር፣ ይህን የሙሽራው አፍ ይናገር። ሙሽሪት ብትናገረው ጥርጣሬ ያመጣባታል፤ ወንዱ ሲናገር ግን ሰው ይሰማል። እናቶችንም አትርሱ። ከአባቶች ይልቅ እናቶች ቶሎ ይገባቸዋል፣ ምክንያቱም በራሳቸው አልፏል። ያችን ሌሊት ደግሞ እንቅልፍ ተኙባት። ደክማችሁ፣ ጠጥታችሁ፣ ፈርታችሁ የምትጣደፉበት ምንም ምክንያት የለም። ሕመሙ ከጠና ወይም ደም አልቆም ካለ «ደግ ምልክት ነው» ብላችሁ አትቀመጡ፤ ወደ ሕክምና ሂዱ።

ጣታችሁንም አትቁረጡ። የሚዜ ምክር ለአንድ ጠዋት ነው፤ ትዳሩ ግን የናንተ ነው።

ዛሬ ሁለት ልጆች አሉን። ባትሪውን አልረሳችውም፣ እኔም እንድትረሳው አልጠይቃትም። መብራት ሲጠፋ እኛ ቤት ሻማ ነው የምናበራው።

ታናሽ እህቴ የተዳረችው በጥር 2013 ዓ.ም. ነው፤ 25 ዓመቷ ነበር። ከሠርጉ ሁለት ወር ቀደም ብዬ ሙሽራውን ለብቻው ቡና ጋበዝኩትና ታሪኬን ነገርኩት። ደንግጦ ሰማኝ። ስጨርስ «እኔም እንዴት እንደማነሣው ጨንቆኝ ነበር» አለኝ። ሚዜዎቹን ራሱ አናገረ። አባቴ ትንሽ አጉረመረመ። እናቴ «አንተ ዝም በል» አለችው፤ በሕይወቴ አባቴን እንዲህ ስትለው የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

በዚያው ዓመት አክስቴን አገኘናት። የሰው ወሬ እየተከተልን ብዙ ከፈለግን በኋላ ባሕር ዳር ነበረች። ጠላ ጠምቃ ሸጣ፣ ሁለት ልጆች አሳድጋ፣ ቤት ሠርታለች። ለእህቴ ሠርግ ከ49 ዓመት በኋላ ወደ ተወለደችበት አገር ተመለሰች። ከመኪና ስትወርድ እናቴ ነጠላዋን ይዛ ለረጅም ጊዜ አልለቀቀቻትም።

ሠርጉ ካለቀ በኋላ ሙሽሮቹ ወደ ቤታቸው ሄዱ። ጨርቅ የሚጠብቅ ሰው አልነበረም። እኔ ዳሱን እያፈረስኩ አመሸሁ። እናቴና አክስቴ አንድ መደብ ላይ ተኝተዋል። መብራቱን አጥፍተው ያወራሉ። ሌሊቱ ሊነጋ ሲል ወደ ውስጥ ገባሁ፤ ያኔም አልጨረሱም ነበር።